ከሁሉ ቀድሜ የገባሁበት ሰፈር

ቀነ ገደብ የሚባል ነገር ያስፈራኛል። የመብራት ቢል የመጨረሻው ቀን ሳይደርስ ነው የምከፍለው። የልጆቼን የክትባት ካርድ በፕላስቲክ ጠቅልዬ አስቀምጬ፣ ቀኑ ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው ጀምሮ በየማለዳው እያወጣሁ አየው ነበር። ትምህርቴን ያቋረጥኩት ከአምስተኛ ክፍል ነው። ደብዳቤ ሲመጣ ጣቴን ከመስመሩ ስር እያስኬድኩ ሁለት ጊዜ አነበዋለሁ፤ ማህተም ያለበት ከሆነ ሦስት ጊዜ። ባለቤቴ ራቅ ባለው ጉናጋዶ ወረዳ አስተማሪ ስለሆነ ቤት የሚመጣው ትምህርት ቤት ሲዘጋ ነው። ጅጅጋ ከሁለት ሴት ልጆቼ ጋር ተቀምጬ ወረቀት የምቀበለውም፣ ወረቀት የምፈራውም እኔ ነኝ።

የድሮው ሰፈራችን ከመናኸሪያው ጀርባ ነበር። ቤቶቹ ተደጋግፈው የቆሙ ስለሆኑ የአንዱ ሽንኩርት ሲቁላላ ለአራት ቤት ይሸታል። ከእኔ ግድግዳ ማዶ አንዲት ሶማሌ አሮጊት ይኖሩ ነበር። ሁላችንም ኤዶ እንላቸዋለን፤ በሶማሊኛ የአባት እህት ማለት ነው። ከተማው በታወከበት ክረምት እኔንና ልጆቼን ጓዳቸው አስገብተው፣ እሳቸው በርጩማ አውጥተው በራፋቸው ላይ ተቀመጡ። ሦስት ቀን ሙሉ ከዚያ በርጩማ የተነሡት ለሶላት ብቻ ነው። የሚያልፉ ሰዎች «እዚህ ቤት ማን አለ?» ሲሏቸው፣ «እኔ አለሁ፤ አልበቃህም?» ሲሉ ከውስጥ ሰምቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ብቻዬን የሆንኩበት ቤት ውስጥ እንቅልፍ አይወስደኝም። ከግድግዳው ማዶ የሰው ሳል መስማት አለብኝ።

ያ ነገር ካለፈ በኋላ፣ ከተማው ሰላም ሆኖ መንገዱም ሕንፃውም ሲበዛ፣ አንድ ቀን ቀበሌ አዳራሽ ተጠራን። ግድግዳው ላይ ከአልጋ ልብስ የሚሰፋ ካርታ ተሰቅሏል። አንድ ወጣት መሐንዲስ በረጅም ዘንግ እያመለከተ፣ ቢጫው መኖሪያ፣ ቀዩ ንግድ፣ አረንጓዴው መናፈሻ ነው አለን። የእኛ ሰፈር ቀይ ሆኗል። ፎቅ መሥራት የሚችል ባለበት ይቀራል፤ የማይችል ከከተማው ዳር ምትክ ቦታ ይሰጠዋል።

«ትናንት ስተኛ እኮ ቢጫ ነበርኩ!» አለ ከኋላዬ የተቀመጠው የሰፈራችን ልብስ ሰፊ። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ።

ኤዶ ከፊት ረድፍ ተነሡ። «አንተ ልጅ፣ የእኔ ማድቤት እዚያ ወረቀት ላይ የቱ ጋ ነው?»

«ኤዶ፣ ካርታው ይህን ያህል ዝርዝር አያሳይም።»

«ሳታየው ነው እንዴ ያፈረስከው?»

እንደገና ተሳቀ፤ መሐንዲሱም አብሮ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም። ቤቴን በዚያ ቀይ ውስጥ ስፈልግ ነበር። አላገኘሁትም።

ፎቅ የሚሠራ ከመካከላችን አልነበረም። የለመንነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሳንበታተን ቦታው አንድ ላይ እንዲሰጠን። ሽማግሌዎች ተመላለሱበትና ተፈቀደ። ለአሥራ ሁለታችን ወደ ቱሊ ጉሌድ በሚወስደው መንገድ በኩል አንድ ብሎክ ተሰጠን። ዕጣው የወጣው ከፕላስቲክ ባልዲ ነው። ለእኔ የረድፉ ጫፍ ደረሰኝ፤ ከእኔ ቀጥሎ ያለው ለኤዶ ደረሰ። ግድግዳችን እንደገና ሊገናኝ ነው ብዬ፣ ወደ ቤት ስመለስ ለልጆቼ ሙዝ ገዛሁላቸው።

ከዚያ ደብዳቤው መጣ። ቦታውን በተረከበ በስድስት ወር ውስጥ ያልገነባ ቦታው ይነጠቃል ይላል። ሦስት ጊዜ አነበብኩትና ለባለቤቴ ደወልኩ።

«ይራዘማል። ሁሌም ይራዘማል» አለኝ። «ሌላው ሰው ምን አለ?»

«ሌላውን ሰው አልጠየቅኩም። ደብዳቤው ላይ ተጽፏል።»

«ደብዳቤ ላይማ ምን የማይጻፍ አለ!»

«ቢነጠቅስ?»

ይህን ስጠይቀው አይከራከረኝም። «እንዳልሽ» አለ።

ያለንን አሟጠን ሁለት ክፍል በብሎኬት ሠራን፤ ቆርቆሮ መታን። በአምስተኛው ወር ዕቃዬን ጭኜ ገባሁ። ጎረቤቶቼ በየቦታቸው አንድ አንድ መኪና ድንጋይ አስደፍተው፣ ከተማ ውስጥ ክፍል ተከራይተው ተቀመጡ። ስድስተኛው ወር ሲሞላ ማዘጋጃ ቤቱ ሰሌዳ ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ጊዜው ተራዝሟል። ቆየት ብሎ ደግሞ ተራዘመ። እንደሚራዘም ሁሉም ያውቅ ነበር። የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ቦታው ሜዳ ነው። ባጃጅ የሚያደርሰው አስፋልቱ እስከሚያልቅበት ድረስ ብቻ ስለሆነ፣ ከዚያ ወዲህ በእግር ነው። ነፋሱ ከረፋዱ ጀምሮ ይነሣና አቧራውን በበሩ ስር ያስገባዋል። ጠዋት ልጆቼን አስፋልቱ ድረስ እሸኛቸዋለሁ፤ ባጃጁ እስኪሰወር ቆሜ አያለሁ። ከዚያ እመለሳለሁ። አንዳንድ ቀን ልጆቼ ከትምህርት ቤት እስኪመጡ የራሴን ድምፅ አልሰማውም ነበር። ውሃ በአህያ ጋሪ የሚያመጣው ሰው ለአንድ ቤት ብሎ በየቀኑ መምጣት እንደማያዋጣው ነግሮኝ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ይመጣል። ጨው የምበደርበት ቤት ስለሌለ ሁሉን ነገር ሁለት ሁለት መግዛት ጀመርኩ። አንድ ቀን ልብስ ለማስጣት ስወጣ ነፋሱ በሩን ዘጋብኝ፤ ቁልፉ ውስጥ ቀርቷል። የድሮው ሰፈር ቢሆን ገና ድምፄን ሳላነሣ አሥር ሰው መፍትሔ ያመጣልኝ ነበር። እዚህ ግን ደጃፉ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ትርፍ ቁልፍ የያዘችው ትልቋ ልጄ እስክትመጣ ፀሐይዋን ከአንድ ጎን ወደ ሌላው ተከተልኳት።

በዙሪያዬ የነበሩት ችካሎች ናቸው። የእያንዳንዱ ጎረቤት ቦታ አራት አራት ችካል አለው፤ ጫፉ ቀይ የተቀባ ብረት። መንጋ ባለፈ ቁጥር ፍየሎቹ ይታከኩበትና ያጋድሉታል። ችካል ከጠፋ ቦታም ይጠፋል ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ ልጆቼን ከሸኘሁ በኋላ እየዞርኩ የተጋደለውን አቃናለሁ፤ ዙሪያውንም በድንጋይ እከባለሁ። ይሄ የልብስ ሰፊው፣ ይሄ የጡረተኛው ጎረቤታችን፣ ይሄ የኤዶ እያልኩ። ሰው የሚያየኝ ቢኖር ኖሮ አልሠራውም ነበር።

አንድ ጠዋት ከማዘጋጃ ቤት አንድ ቀያሽ መጣ። ከአንዱ ችካል ወደ አንዱ እየሄደ ቆይቶ ወደ እኔ ዞረ።

«ድንጋዩን የከበበው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ፤ ጥፋት የሠራሁ መስሎኝ። «እንዳይጠፋ ብዬ ነው።»

ትንሽ አየኝና፣ ቢነግረኝ እንደሚሻል አስቦ መሰለኝ፣ ነገሩን ነገረኝ። ሰው ስላልገባበት ቦታው ከመኖሪያነት ወጥቶ ለመጋዘንና ለቁም ከብት ገበያ እንዲሆን ሐሳብ ቀርቧል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ኮሚቴ መጥቶ ይቆጥራል። ሰው የሚኖርበት ቢያንስ ስምንት ቦታ ከተገኘ መኖሪያ ሆኖ ይቀጥላል፤ የውሃ መስመርም ይያዝለታል። ካልተገኘ ይቀየራል።

«እኔስ?»

«ለአንቺ ምትክ ይሰጥሻል።»

«ይሄ እኮ ምትክ ነው።»

«አዎ» አለ። «የዚህ ምትክ።»

በማግስቱ ከተማ ወርጄ ጎረቤቶቼን ቤት ለቤት ዞርኩ። ልብስ ሰፊው ከስፌት መኪናው ላይ ዓይኑን ሳያነሣ ነበር የሚያናግረኝ።

«ውሃ ሲገባ እገባለሁ።»

«ውሃ የሚገባው እኮ ሰው ሲገባ ነው።»

«እንግዲያው አንዱ መቅደም አለበት።»

«እኔ ቀድሜያለሁ።»

«አንቺማ ቸኩለሽ ነው እንጂ!» አለና ሳቀ። ክፋት አልነበረበትም። እኔም አብሬው ለመሳቅ ሞከርኩ።

ኤዶን ያገኘኋቸው በነጋታው፣ ልጃቸው በተከራየው ግቢ፣ ከኋላ ባለች ክፍል ነው። መስኮቷ ወደ ጎረቤት ግድግዳ ስለሚያይ አልጋቸው ላይ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው ተቀምጠዋል። ሁሉንም ነገርኳቸው። በትራቸውን ከአልጋው ጎን አነሡ።

«ስንት ቤት ነው የጎደለው?»

«ሰባት።»

«ስንት ቀን አለን?»

«አሥራ ሁለት። ኤዶ፣ በአሥራ ሁለት ቀን ቤት አይሠራም።»

«የእናንተ ቤት ዓመት የሚፈጀው ወንድ ስለሚሠራው ነው» አሉኝ። «እኔ ስንት ቤት ሠርቻለሁ መሰለሽ? ጠዋት አፍርሼ፣ ግመል ላይ ጭኜ፣ ከሰዓት በኋላ ሌላ ቦታ ተክዬ፣ እዚያው ልጆቼን አስተኝቻለሁ።»

የሚሉት አቀሉን ነው፤ አርብቶ አደሮቹ ሴቶች የጎበጠ እንጨት ተክለው ሰሌን የሚያለብሱትን ቤት። እኔ ከመንገድ ዳር ሆኜ ሳየው ኖሬያለሁ እንጂ ቤት ብዬ ቆጥሬው አላውቅም ነበር። ሐርተሼክ በኩል ያሉ ዘመዶቻቸው ጋ ስልክ አስደወሉ። ቆጠራው ሦስት ቀን ሲቀረው አንድ አይሱዙ እንጨትና ሰሌን ጭኖ፣ ከላይ ስድስት ሴቶች አስቀምጦ ሜዳው ላይ ደረሰ። ከከተማም የሰፈራችን ሴቶች በባጃጅ መጡ፤ የኤዶን ጥሪ እንቢ ማለት ከእኔ ጥሪ ይከብዳል። የልብስ ሰፊው ሚስትና ልጃቸውም መጡ።

ከተማ ያደጉት ሴቶች እንጨቱን ከየት ወዴት እንደሚያጎብጡት አያውቁም። ኤዶ መሀል ቆመው በበትራቸው ያዛሉ።

«አንቺ፣ ቆንጆ ጥፍር ነው ያለሽ፤ በይ ገመዱን ያዥበት!» ይላሉ ለልብስ ሰፊው ልጅ።

«ኤዶ፣ ቀለሙ ይላቀቃል!»

«ቤቱ ከሚላቀቅ ቀለሙ ይላቀቅ።»

አንዱ አቀል ወደ ግራ ዘንበል ብሎ ቆመ። «ግመል ተቀምጦበት ነበር እንዴ?» አሉና በበትራቸው ነካ ሲያደርጉት ወደቀ። ሴቶቹ መሬት ላይ እየተንከባለሉ ሳቁ። እኔም ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። ከዓመት በላይ እንደዚያ አልሳቅኩም ነበር። ከሰዓት በኋላ፣ ልጆቼ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ፣ በጎረቤቶቼ ቦታ ላይ ሰባት አቀል ቆሟል። ትንሿ ልጄ መንገድ የሳተች መስሏት አስፋልቱ ላይ ቆማ ቀረች።

ሦስት ቀን አብረውኝ ኖሩ። ሴቶቹ እዚያው አደሩ፤ ባሎቻቸው ሲመሽ እየመጡ ጠዋት ወደ ሥራቸው ይሄዳሉ። የልብስ ሰፊው ሚስት ከበሬ ላይ ቆማ «ጨው አለሽ?» ብትለኝ ሁለት ፓኬት አንሥቼ ሰጠኋት። «ምን ልሠራበት ነው፣ በግ ላርድ?» አለችኝ። ኤዶ ከግድግዳዬ ማዶ ያስላሉ። በሦስቱም ቀን እንቅልፌን ጠግቤ ተኛሁ።

ኮሚቴው በሁለት መኪና መጣ። አዳራሽ ውስጥ ካርታ ያሳየን መሐንዲስ አብሯቸው ነው። የኤዶን አቀል አንድ ጊዜ ዞረና ራሱን ነቀነቀ።

«ይሄ ቤት አይባልም። ቤት የሚባለው መሠረት ያለው ነው።»

«አንተ የት ነው የተወለድከው?» አሉት ኤዶ።

«ከሐርተሼክ ወዲያ፣ ገጠር።»

«ምን ዓይነት ቤት ውስጥ?»

ፈገግ አለ። «አቀል ውስጥ ነው፣ ኤዶ።»

«ታዲያ እናቴ ሜዳ ላይ ወለደችኝ በላ!»

ሁሉም ሳቁ። ሰብሳቢው፣ ጠና ያለ ሰው፣ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቀ። «የቤቱን ዓይነት ተዉት» አለ። «የእኛ ጥያቄ ሰው ይኖርበታል ወይስ አይኖርበትም ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «እመቤት፣ እዚህ ቀድመሽ የገባሽው አንቺ ነሽ። ሁሉን የምታውቂው አንቺ ነሽ። እነዚህ ሰዎች እዚህ ይኖራሉ?»

ሴቶቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። በሕይወቴ ለመንግሥት ሰው ዋሽቼ አላውቅም። ለሕዝብ ቆጠራ ዕድሜዬን ስናገር እንኳ ወሩን ጨምሬ ነው የተናገርኩት። ነገር ግን ሦስቱን ቀን አሰብኩ። አሁን «ይኖራሉ» ብል፣ ወረቀቱ ላይ ከተጻፈ፣ እውነት ሊሆን ይችላል ብዬ አሰብኩ። ወረቀት ላይ የተጻፈ ነገር ሲፈጸም ነው ያየሁት። ቤታችንን ቀይ ያለው ወረቀት አይደለም ወይ?

«ይኖራሉ» አልኩ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ቆይተዋል።»

ስሜን እንድጽፍና እንድፈርም ሰጡኝ። ቀስ ብዬ፣ ከሁሉም የሚያምረውን አጻጻፌን ጻፍኩ።

መኪኖቹ በሄዱ ማግስት አቀሎቹ መፍረስ ጀመሩ። ለመትከል ግማሽ ቀን የፈጀው ለመንቀል አንድ ሰዓት አልፈጀም። ሴቶቹ ተሰናበቱኝ፤ ሳሙኝ፤ ጎበዝ አሉኝ። «ውሃው ሲገባ እንመጣለን» አሉ። ኤዶ ብቻቸውን አንድ ሳምንት ቆዩ። በስምንተኛው ቀን ልጃቸው መጣ። እናቱን ሜዳ ላይ ጣለ እየተባለ በከተማው እየተወራበት እንደሆነ፣ ቆሞ ነገረን። ኤዶ ተከራከሩት፤ እሱም ሳይቆጣ ሰሌኑን እየጠቀለለ ጫነው። እሳቸውም መኪናው ላይ ወጡ።

ውሳኔው ወጣ። ሰፈራችን ቢጫ ሆኖ ቀረ፤ የሚነካኝ ጠፋ። ከወራት በኋላ ቦይ ተቆፍሮ የውሃ መስመሩ ገባ፣ መብራቱም ተከተለ። ቧንቧውን መጀመሪያ የከፈትኩ ቀን ለሁሉም ደወልኩ። «እልል በይ!» አሉኝ። ጓዳዬን አጽድቼ መጠበቅ ጀመርኩ።

የመጡት ግን ሌሎች ናቸው። ውሃና መብራት ያለው የመኖሪያ ቦታ ፈላጊው ብዙ ነው። ባዶ ቦታ መሸጥ ስለማይፈቀድ፣ ጎረቤቶቼ መሠረት እያስጣሉ አንድ በአንድ ሸጡት። ልብስ ሰፊው የሱቅ ኪራይ ዕዳውን ዘጋበት። ጡረተኛው ወደ አገሩ ገባበት። ልፈርድባቸው አልችልም፤ ሁሉም የቸገረው ሰው ነው። ግን የሸጡት እኔ «ይኖራሉ» ያልኩበትን ነው።

ኤዶን መጨረሻ ያየኋቸው ለሽያጩ ውል አውራ ጣታቸውን ቀለም አጥቅሰው በመጡ ቀን ነው። ሻጩ ልጃቸው ቢሆንም ቦታው በስማቸው ስለነበር አብረው መምጣት ነበረባቸው። ገዢው በሜትር ሲለካ እኔ ቤት ገብተው ተቀመጡ። ጣታቸው ሰማያዊ ነው። ውሃ አቀረብኩላቸው፤ ጠጡ።

«የቧንቧ ነው?»

«የቧንቧ ነው፣ ኤዶ።»

«ጥሩ ነው።» ብርጭቆውን መለሱልኝ። «አባዮ፣ እኔን አትቆጪኝ። የት እንደማድር የሚወስነው ልጄ ነው። ለሱ ደግሞ የሚወስንለት ሌላ አለ።» አባዮ ማለት እህቴ ማለት ነው። በልጃቸው ዕድሜ ያለችን ሴት እንደሚጠሩት ሳይሆን፣ እኩያን እንደሚጠሩበት ነው የጠሩኝ። ልጃቸው ከውጭ ጥሩምባ ሲነፋ ተደግፈውኝ ወጡ።

አሁን በቦታቸው ላይ ከጣሪያዬ የሚበልጥ አጥር አለ። በአጥሩ ላይ የተሰበረ ጠርሙስ ተሰክቷል። ግድግዳችን ተገናኝቷል፤ ግን በጣም ወፍራም ስለሆነ የሰው ሳል አያሳልፍም። ሰዎቹ በመኪና ይገባሉ፣ በመኪና ይወጣሉ፤ መስታወቱ ጥቁር ነው። ሴት እንዳለች የማውቀው ከሰገነታቸው ላይ ከሚሰጣው ልብስ ነው። የልጅ ልብስም አለ፤ ከትንሿ ልጄ ጋር እኩያ ሳይሆን አይቀርም።

ባለፈው ሳምንት እንደምንም ደፍሬ ዳቦ ጋገርኩና በነጭ ጨርቅ ሸፍኜ በራቸውን አንኳኳሁ። ሽማግሌ ዘበኛ ትንሿን መስኮት ከፈተ።

«ምን ፈልገሽ ነው?»

«ጎረቤት ነኝ» አልኩት፤ በእጄ ቤቴን እያሳየሁ።

ቤቴን አየ፤ እኔን አየ። ክፉ ሰው አይመስልም። «እሺ» አለ። «ለምን ጉዳይ ነው ልበላቸው?»

ጉዳይ አልነበረኝም። ዳቦውን ሰጠሁትና ተመለስኩ።